መቋሚያና ማካሮቭ

መርስዔ ኀዘን ሁለተኛውን ጥይት ሲተኩስ ዐይኑን ጨፈነ። ሦስተኛውን ሲተኩስ ሽጉጡ ተወርውሮ ግንባሩን ሊለው ትንሽ ቀረው። አራተኛውና አምስተኛው የት እንደ ሄዱ የሚያውቀው ጣና ብቻ ነው። ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጀርባዋን ፀሐይ ስታሞቅ የነበረች ጉማሬ እንኳ ጆሮዋን ሰብስባ ጠለቀች።

"ከአምስት አንድ!" ብሎ ጮኸ ጓድ አንዳርጋቸው ካርቶኖቹን ዞሮ ካየ በኋላ። "እንዲህ ዐይነት ተኳሽ የሚጠቅመው ለጠላት ነው። እነቀው አልኩህ እኮ! ሽጉጡን እንደ ጠላት ጉሮሮ እነቀው!"

ጓድ አንዳርጋቸው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ካድሬና የተኩስ ቡድኑ አሠልጣኝ ነው። ስድስት ወር ምሥራቅ ጀርመን ተቀምጦ ከመጣ ወዲህ ስለ ማናቸውም ነገር ሲጠየቅ "እዚያ እንዲህ አይደለም" ይላል፤ ስለ ጎመንም ቢሆን። ስለ ተኩስ ግን ይዞ የተመለሰው ይህችን አንዲት የማነቅ ምክር ነው። መርስዔ ኀዘን ታዛዥ ሰው ስለሆነ ያንቃል። ሲያንቅ ጣቶቹ ይነጣሉ፣ ሲነጡ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሲንቀጠቀጡ ጉድ ይፈላል።

ውድድሩ ለሚያየው ሰው ቀላል ነው። ማካሮቭ ሽጉጥህን በአንድ እጅህ ይዘህ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት ዘንበል አድርገህ ትቆማለህ። ሁለት ዘበኞች ገመድ ሲስቡ አምስት ካርቶኖች ባንድ ጊዜ ፊታቸውን ወዳንተ ያዞራሉ። በስምንት ሰኮንድ ውስጥ ክንድህን አንሥተህ ለአምስቱም አንዳንድ ጥይት ታድላለህ። ስምንቱ ሰኮንድ ሲያልቅ ካርቶኖቹ እንደ ተሾመ ዘመድ ፊታቸውን ያዞሩብሃል። የመጀመሪያውን ጥይት ማንም ይመታል። ሰው የሚለየው ሽጉጡ ከዘለለ በኋላ ነው።

ታዲያ የማይሆንለት ከሆነ ለምን አይተወውም ትሉ ይሆናል። አይተወውማ! ዘመኑ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ታኅሣሥ ነው። ፋብሪካው ለፓዌ ሠፋሪዎች ጎጆ የሚሠሩ ሰዎች ከየክፍሉ አንዳንድ እንዲልክ ታዞ፣ ከሽመና ክፍል የተጻፈው ስም የመካኒኩ የመርስዔ ኀዘን ሆነ። ጉዞው ጥር አምስት ቀን ነው፤ ቆይታው ስድስት ወር። ሠርጉ ደግሞ ጥር ዐሥራ ሁለት። ይህ ሠርግ አንድ ጊዜ በአባቱ ሞት፣ አንድ ጊዜ በራሱ የወባ በሽታ ተላልፏል። የሙሽራዪቱ አባት አቶ አካሉ፣ "ሦስተኛ ከተላለፈ ልጄን ለመራዊው እህል ነጋዴ እድራለሁ" ብለው በሽማግሌ ፊት ምለዋል፤ አቶ አካሉ ደግሞ ምለው የማያውቁ፣ ከማሉ የማይመለሱ ሰው ናቸው። ከፓዌው ዝርዝር የሚሰረዝበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ በከተማው የተኩስ ውድድር አንደኛ የወጣ ሰው የካቲት ላይ ለአገር አቀፍ ውድድር አዲስ አበባ ስለሚሄድ ከዘመቻው ይቀራል። ለውድድሩ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው።

ያን ዕለት ማታ የብርጓል የልብስ ስፌት መኪናዋን አቁማ የእጮኛዋን ወሬ እስከ መጨረሻው ሰማች። የምታዝንለት መስሎት ነበር። እሷ ግን ስለ ጉማሬዋ ሲነግራት ሳቀች።

"የኔታ ዘንድ ሂድ" አለችው።

"የኔታ ስለ ሽጉጥ ምን ያውቃሉ? እሳቸው ደብተራ ናቸው።"

"ስለ ሽጉጥ አላልሁህም፣ ስለ ክንድ ነው። በበዓል ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ሲያድሩ ክንዳቸው ዝሎ አይተህ ታውቃለህ?"

አላየም። መርስዔ ኀዘን የደቅ ደሴት ልጅ ነው፤ መካኒክ ከመሆኑ በፊት ሐይቁን ተሻግሮ መጥቶ የኔታ ከሚሏቸው ከመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ዘንድ ሁለት ዓመት አቋቋም፣ የመቋሚያና የጸናጽል ዝማሬ፣ ተምሯል። ፋብሪካ ሲቀጠር በሞላው ፎርም ላይ ግን ይህን አልጻፈም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ነገር ሳይጻፍ ቢቀር የሚከፋው ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ከሥራ በኋላ ሁለቱም ወደ ሐይቁ ዳር ወረዱ። የኔታ ከግቢያቸው ዋንዛ ሥር ተቀምጠው ነበር። ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

"መግደል ልትማር ነው የመጣህ?"

"ኧረ የኔታ፣ ካርቶን ነው።"

"ካርቶኑስ ምን አደረገህ?"

የብርጓል ጣልቃ ገብታ ስለ ፓዌ፣ ስለ አባቷ መሐላ፣ በተለይም ስለ መራዊው ነጋዴ ሆድ ነገረቻቸው። ሆዱን በእጇ ስታሳይ የኔታ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና ጥቂት አሰቡ።

"ተክሊል ከምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ለምሥጢር ከሆነ ካርቶን ይበሳ።"

ራሱ የተሰበረ አሮጌ መቋሚያ አስመጡና እንደ ሽጉጥ ወደ ፊት እንዲዘረጋው አዘዙት። "በል አምስት ጊዜ ተኩስ።"

"በምን?"

"በአፍህ ነዋ!"

መርስዔ ኀዘን እየፈራ "ዷ!" አለ። ዷ ባለ ቁጥር የመቋሚያው ጫፍ አንዴ ወደ መሬት፣ አንዴ ወደ ሰማይ ተወራጨ። የኔታ ነጠላቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል" አሉ ዐይናቸውን እየጠረጉ። "አንተ ያንን ብረት አልያዝኸውም፣ ተጣልተኸዋል። እስቲ ክርንህን ዘርጋው። ክንድ ሲታጠፍ ምቱ በታጠፈበት በኩል ሾልኮ ይወጣል። ከትከሻህ እስከ ጣትህ አንድ እንጨት ሁን፤ ምቱ መጥቶ ትከሻህ ላይ ይረፍ። ጥፍርህ እስኪነጣ ደግሞ አትጨብጥ። ቄስ መስቀል ሲይዝ አይተሃል? አይጥለውም፣ አያንቀውምም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቱ እንዲህ ሆነ። ከመቋሚያው ጫፍ ገመድ ታሰረ፤ ገመዱ በዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ አልፎ ከመርስዔ ኀዘን ጀርባ የቆመችው የብርጓል እጅ ገባ። እሱ "ዷ" ሲል እሷ ትስባለች፣ መቋሚያው ይዘላል። መጀመሪያ ሰሞን እሱ ወደ ታች፣ እሷ ወደ ላይ፣ ውኃ እንደሚቀዱ ሰዎች ሲጓተቱ ዋሉ። አንድ ቀን ግን የብርጓል አመሏ ተነሣባትና ሳትስብ ቀረች። መርስዔ ኀዘን "ዷ!" ሲል ማንም ያልነካው መቋሚያ በአፍጢሙ ተደፍቶ አፈር ጫረ።

የኔታ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። "ተገኘ! አየህ ልጄ? ያልመጣ ዱላ ትመክታለህ። ካርቶኑን የምትስተው ሽጉጡ ስለዘለለ አይምሰልህ፤ ይዘልብኛል ብለህ አስቀድመህ ስለምትደፋው ነው። ምቱን አትቅደመው። ይምጣ፣ ያንሣህ፣ አንሥቶህ ሲያበቃ ወደነበርህበት ተመለስ።"

የብርጓል ከዚያ ወዲህ ደስ ሲላት ትስባለች፣ ደስ ሲላት ትተዋለች። አንዳንድ ጊዜ ውኃ ሊጠጣ አጎንብሶ ሳለ ትስበዋለች። ከሠርጓ በፊት ባሏን በገመድ ማዘዝ የቻለች ሴት በባሕር ዳር እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም፤ ነገሩንም ሳትወደው አልቀረችም። እሱም ሳያውቀው መደንገጥ ተወ። ስትስብ ክንዱ ይነሣል፣ ይመለሳል፤ ሳትስብ ባለበት ይቆማል።

ሁለተኛው ሳምንት ከካርቶን ወደ ካርቶን የመሻገር ሆነ። መርስዔ ኀዘን ክንዱን ብቻ እያዞረ ሲቸገር የኔታ ተቆጡ። "በዝማሜ ስንወዛወዝ መቋሚያው ብቻውን ይሄዳል እንዴ? ወገብህ ይዙር፣ ክንድህ ይከተል!" ጊዜውንም አስያዙት። በግእዝ እየቆጠሩ፣ ለየቁጥሩ እኩል እያደሉ፣ መጨረሻው ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ "አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ፣ አርባዕቱ፣ ኀምስቱ!" ቁጥሩ ሲያልቅ መቋሚያውን ብብቱ ሥር አስገብቶ፣ አንድ እግሩን አስቀድሞ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ይህ ለተኩስ ምን ይበጃል ብሎ ሲጠይቃቸው፣ "ዜማ አልቆለት ዝም ብሎ ዞር የሚል ባለጌ ነው" አሉት።

በፋብሪካው ልምምድ ላይ ከአምስት ሦስት፣ ቆይቶም አራት መምታት ጀመረ። ጓድ አንዳርጋቸው ትከሻውን መታ መታ እያደረገ፣ "ማነቅ ገባህ አይደል!" አለው። መርስዔ ኀዘን "ገባኝ፣ ጓድ" አለ። ሌላ ምን ይበል?

የውድድሩ እሑድ የከተማው ሰው የተኩስ ሜዳውን ጉብታ ሞላው። ዳሱ ሥር የክፍለ ሀገሩ እንግዳ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ ተቀምጧል፤ ጓድ አንዳርጋቸው ከጎኑ ማይክሮፎን ይዞ ቆሟል። የፔዳው፣ የመምህራን ኮሌጁ፣ የስፖርት አስተማሪ፣ አዘዘ የሚሉት ረጅም ሰውዬ፣ በሁለት ዙር ከዐሥር ዘጠኝ መትቶ እጁን በኪሱ ከቷል። መርስዔ ኀዘን በመጀመሪያው ዙር ከአምስት አምስት መታ። በሁለተኛው አራት ከመታ እኩል ናቸው፤ አምስት ከመታ ፓዌ ቀረ። ከሕዝቡ መካከል የብርጓል ነጠላዋን ጥርሷ ውስጥ አስገብታ ቆማለች፤ ከኋላዋ አቶ አካሉ፣ ከአቶ አካሉም አጠገብ የመራዊው ነጋዴ ከነሆዱ።

ነጋዴውን ባያየው ጥሩ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር በልቡ ነበር የቆጠረው፤ አሁን ግን ልቡ በሌላ ሥራ ተይዟል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ካርቶኖቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ ክንዱ ቀጥ ብሎ ተነሣና አፉም አብሮ ተከፈተ።

"አሐዱ!" ዷ። "ክልኤቱ!" ዷ። ሽጉጡ ይዘላል፣ ክንዱ ይመለሳል፣ ወገቡ ይዞራል። "ሠለስቱ! አርባዕቱ!" ከዚያም እንደ የኔታ ድምፁን ሰቅሎ፣ "ኀምስቱ!"

ካርቶኖቹ ሳይዞሩ አንድ ሰኮንድ ተርፎት ነበር። በዚያች ሰኮንድ ውስጥ መርስዔ ኀዘን የተቃጠለ ባሩድ የሚሸተውን ባዶ ማካሮቭ ብብቱ ሥር አስገባ፣ ግራ እግሩን አስቀደመ፣ ለአምስቱ ካርቶኖች በአክብሮት ራሱን ዝቅ አደረገ።

ከእናቶቹ አንዷ ለልማዷ "እልልልል!" ብላ ጀመረችና ያለችበት ሲታወሳት አፏን በእጇ ያዘች። ካርቶኑን ሊያይ የሄደው ዘበኛ አምስት ጣቱን ዘርግቶ ቢያሳይም ያጨበጨበ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው ዳሱን ነው። መርስዔ ኀዘን ሽጉጡን ከብብቱ አወጣ። ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው።

"ያ መጨረሻ ላይ ጎንበስ ያለው ምንድን ነው?" አለ የክፍለ ሀገሩ እንግዳ።

ማይክሮፎኑ አልተዘጋም ነበር፤ ስለዚህ የጓድ አንዳርጋቸውን መልስ ጉብታው ሁሉ ሰማው። "የምሥራቅ ጀርመን ሥልት ነው፣ ጓድ። ከተኩስ በኋላ ክንድ እንዲያርፍ ነው።"

"አሐዱ፣ ክልኤቱ ያለውስ?"

ጓድ አንዳርጋቸው "እሱም" አለ።

እንግዳው ብዕሩን አወጣና አንድ ነገር ጻፈ። "ለሌሎች ፋብሪካዎችም ይሰጥ" ብሎ ማጨብጨብ ሲጀምር ሕዝቡ ተከተለው። ሳቁን በጭብጨባ ያልሸፈነ ሰው ቢኖር ነጠላውን የነከሰ ነው።

በማግሥቱ ሰኞ መርስዔ ኀዘን ቢሮ ተጠራ። ጓድ አንዳርጋቸው በሩን ዘጋ፤ ቀጥሎ መስኮቱን ዘጋ፤ ቀጥሎ መጋረጃውን ሳበ። ከግድግዳው ፎቶ ላይ ሦስቱ የሶሻሊዝም ጢማሞች ቁልቁል ያያሉ።

"ማን አስተማረህ?"

"ከማሽኑ ነው፣ ጓድ። የሽመና ማሽን ምት አለው፤ እሱን እየሰማሁ…"

"ማሽን በግእዝ ይቆጥራል?"

መርስዔ ኀዘን የኔታን ስም ከሚጠራ ስድስት ወር ቀርቶ ስድስት ዓመት ፓዌ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

"አትንገረኝ" አለ ጓድ አንዳርጋቸው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ መልሶ ተነሣ። "ኀምስቱ ላይ ድምፅ የሚያነሡ አንድ ሰው ብቻ ናቸው።" ከዚያ ሰኞ ሰኞ በሠራተኛው የፖለቲካ ውይይት ላይ ማይክሮፎን የሚያንቀጠቅጠው ያ ድምፅ ዝቅ አለ። "ጉልበታቸውን እንዴት አደረጋቸው? በብርድ ያማቸው ነበር።"

መርስዔ ኀዘን ወዲያው አልገባውም። ሲገባው ወንበር ሳይሰጠው ተቀመጠ።

"አ… አሁንም በብርድ ያማቸዋል፣ ጓድ።"

"አራት ዓመት እግራቸው ሥር ነበርሁ። ግራ እግርህን ማስቀደምህ ልክ አይደለም፤ ቀኝ ነው የሚቀድም። ለዚች አንዲት ነገር ስንት ኩርኩም ቀመስሁ መሰለህ! ከጀርመን እንደ ተመለስሁ ሦስት ጊዜ እስከ ግቢያቸው ሄድሁ። ሦስቱንም ጊዜ ከበሩ ተመለስሁ። ምን ብዬ እገባለሁ? በዚህ አፌ ስንት ነገር ተናግሬ!" ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰውየውን ሲፈራው የኖረው መርስዔ ኀዘን አሁን አዘነለት።

ጓድ አንዳርጋቸው ግን ብዙ አልቆየም። ዝርዝሩን አወጣና የሽመና ክፍልን መስመር በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘ። "ሽመና ክፍል ለአገር አቀፍ ውድድር አንድ ሰው ስለሰጠ ድርሻውን ተወጥቷል" ብሎ እየተናገረ ጻፈ። "ሠርግህ ዐሥራ ሁለት ነው?"

"አዎ፣ ጓድ።"

"በተክሊል?"

"በተክሊል።"

"ወረቡን የሚመሩት እሳቸው ናቸው?"

"ናቸው።"

ማኅተሙን መታ፣ ወረቀቱን ሰጠው፣ በሩ ድረስ ሸኘው። እጁን መዝጊያው ላይ አድርጎ፣ "ቤተ ክርስቲያኑ ወፍራም ዓምድ ነበረው" አለ። "አሁንም አለ?"

"በሰሜን በኩል፣ ጓድ። ሁለት ሰው ያስጠልላል።"

"አንድ ይበቃል" አለና በሩን ከፈተለት።

ጥር ዐሥራ ሁለት ጠዋት መርስዔ ኀዘንና የብርጓል ካባ ደርበው፣ አክሊል ደፍተው ከመቅደሱ ፊት ቆሙ። አቶ አካሉ መሐላቸው ስለቀረላቸው ደስ ብሏቸዋል፤ የመራዊው ነጋዴ እንኳ በግ ይዞ መጥቷል። ከበሮው ቀስ ብሎ ጀመረ፤ የኔታ ጉልበታቸው እያመማቸው መሪ ሆነው ቆሙ። ዜማው እየሞቀ ሲሄድ ከሰሜኑ ዓምድ ጀርባ አንድ ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ ማንጎራጎር ነበር፤ ቆየና ቃል ሆነ። ከዚያ ራሱን መግዛት አቃተውና ዓምዱ ሊደብቀው የማይችለው ድምፅ ሆነ። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የቆመው የፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ ያን ድምፅ ያውቀዋል። ሰኞ ሰኞ ሲሰማው ኖሯል።

መርስዔ ኀዘን ሊዞር ሲል የብርጓል በካባዋ ሥር እጁን ቆነጠጠችው። "እንዳትዞር" አለችው።

የኔታም አልዞሩም። ዜማውን ሳያቋርጡ ከጎናቸው ካለው ደብተራ እጅ ጸናጽሉን ወሰዱ፣ በዝማሜው እየተወዛወዙ፣ እያነከሱም፣ እርምጃ በእርምጃ ወደ ዓምዱ ተጠጉ። ፊታቸው ወደ መቅደሱ እንደሆነ ጸናጽሉን ወደ ኋላ ዘረጉት። ለጥቂት ጊዜ ክንዳቸው ባዶ አየር ላይ ቆየ። የኔታ ግን አላጠፉትም፤ ጠበቁ። ከዓምዱ ጀርባ አንድ እጅ ወጣ፣ ጸናጽሉን ተቀበለ። ሕዝቡ በሙሉ መቅደሱን እያየ ዘመረ፤ አንድም ሰው ዞሮ አላየም።